ሜትር፣ ሲባጎና ጠመኔ

ደሴ፣ ክረምት። ጉም ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ሥዕል የምናየው በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ መጠን ይበላል። ሠዓሊው ማሌቪች በ1915 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ያሳየው «ጥቁር ካሬ» ጎኑ 79.5 ሳንቲሜትር ነው፤ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የፖሎክ የ1950ው ትልቅ ሥዕል ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል። ስልክ ላይ ሁለቱም መዳፍ አይሞሉም።

መድኃኒቱ ሜትር፣ ሲባጎና ጠመኔ ነው፦ የሥዕሉን ትክክለኛ ልክ ግድግዳ ላይ ማስመር። ስዊድናዊቷ ሂልማ አፍ ክሊንት በ1907 የሣለቻቸው «አሥሩ ትልልቆች» ቁመታቸው ከ3.1 ሜትር ያልፋል፣ ስፋታቸው 2.4 ገደማ ነው። ኮርኒስ ያለው ቤት ውስጥ ስለማይገቡ የግቢ ግንብ ይፈለጋል። ዝናብ ካባራ በኋላ ግንቡ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ጠመኔ አይዝም። ከጥጉ ወደ ላይ 60፣ ወደ ጎን 80 ሳንቲሜትር ምልክት ተደርጎ በሁለቱ መካከል ልክ 1 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ጠሟል። መስመሩ ሲያልቅ አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ያኔ የሴትዮዋ ድፍረት ይገባል! ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ ወደ ረቂቅ ሥዕል (ሰው ወይም ዕቃ ወደማይታይበት ሥዕል) ገና ሳይሻገር ነው ይህን የሠራችው። ሥራዎቿ ከሞቷ በኋላ 20 ዓመት እንዳይታዩ አዘዘች፤ በ1944 አረፈች፣ ሰፊው ዓለም ያያት በ1986 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። የታሪክ መጻሕፍቱ ያለ እሷ ተጽፈው አልቀዋል።

የሠዓሊዋ የጃኔት ሶቤል «ሚልኪ ዌይ» (1945) ግን ግድግዳው ላይ ያንሳል፦ 114 በ76 ሳንቲሜትር። ፖሎክ የታወቀበትን ቀለም የማንጠባጠብ ነገር ከእሱ ቀድማ ይዛዋለች። ፖሎክ ሥዕሎቿን አይቶ እንደተነካ የሥዕል ሃያሲው ግሪንበርግ ራሱ ጽፏል፤ እሷን ግን የብሩክሊን የቤት እመቤት ናት ብሎ አለፋት። ከመጠኑ ይልቅ የጎዳት ይህ ቃል ይመስለኛል።

ለሠዓሊያችን ለእስክንድር ቦጎሲያን «የጁጁ ሠርግ» (1964) ጠመኔም አያስፈልግ። ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፣ የተሠራውም በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። ከሱቅ የተጣለ ካርቶን በልኩ ቆርጦ መያዝ ይበቃል። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዝቶታል፤ እኛ ዘንድ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ጎልጎታ» (1963) ቀይ ነው። ስልኩ የማታ ብርሃን (ስክሪኑን የሚያቢጫው ቅንብር) ላይ ከሆነ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሸሻል፤ መጀመሪያ እሱን ማጥፋት።