ቮልስ ውስጥ የገባው የቪትዝ ሪሞት

የቪትዝ ቁልፍ መጀመሪያ የሚሰበረው ቀለበት የሚያያዝበት ጆሮው ጋ ነው። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ይንከራተታል፤ የመጫኛው ጎማ ይቀደዳል፤ ባትሪው እንዳይወድቅ በፕላስተር ይታሸጋል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ባዶ ሽፋን ገዝቶ መቀየር ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ የማይቆምበት ሰፈር የለም። ላቫጆ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት ቁልፎች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ የራሴን ሳላገላብጥ ለይቼ ማንሳት አማረኝ። ስለዚህ ሪሞቱን መጫወቻ መኪና ውስጥ ላስገባው ወሰንኩ። መኪናዋም ቮልስ።

ቮልስን የመረጥኩት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ጣሪያዋ ክብ ነው፣ ሆዷ ሰፊ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ደህና ትቀመጣለች፣ ኪስ የሚቀድ ሹል ጠርዝም የላትም። ፋብሪካው የመጨረሻዋን እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ሠርቶ ምርቷን ቢያቆምም የእኛ ከተማ ግን እስካሁን አልተለያትም።

መጫወቻ ከመግዛቴ በፊት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ አየሁት። ይህን የምመክረው ለሁሉም ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቁልፍ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ዕቃዎች አሉ። አንዱ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሪሞት ነው፤ ቦርድ፣ ባትሪና ሁለት መጫኛ አለው። ሌላው ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ነው፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ሽብልቅ። ባትሪ የላትም። ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ሲገባ በዙሪያው ያለው የሽቦ ጥቅልል በ134 ኪሎኸርዝ ገደማ ኃይል ይልክላታል፤ እሷም በዚያው ኃይል ነቅታ መልሷን ትሰጣለች። የሪሞት ባትሪ ሞቶ በሩ እምቢ ሲል መኪናው ግን በቁልፍ የሚነሳው ለዚህ ነው። ቺፗ ከጥቅልሉ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከራቀች አትሰማም፤ ስለዚህ መኖሪያዋ ከቁልፉ ጥርስ አጠገብ እንጂ መጫወቻዋ ውስጥ አይደለም። ቁልፉን ሲፈቱ ቺፗ ተንሸራታ ከወደቀች ልክ እንደ ቆሻሻ ተጠርጋ ልትጣል ትችላለችና ከሥር ነጭ ጨርቅ ማንጠፍ ጥሩ ነው።

ሁሉም የሚያምረው የብረቱ መጫወቻ ነው። ክብደቱ ደስ ይላል፣ ቀለሙ ያበራል። የእህቴን ልጅ ለምኜ አንዱን ተዋስኩና ቦርዱን ሆዱ ሥር ደብቄ ከመኪናዬ እየራቅኩ ሞከርኩት። ባዶውን ቦርድ ከግቢው ማዶ የሚሰማው መኪና አሁን በሩ አጠገብ ካልደረስኩ በቀር ዝም አለ። እነዚህ መጫወቻዎች በአብዛኛው ዛማክ ከሚባል የዚንክና የአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራሉ፤ ማግኔት ባይስባቸውም ለራዲዮ ሞገድ ያው ብረት ናቸው። የሪሞቱ ሞገድ እንደተሠራበት ገበያ በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። በ433 የአንዱ ሞገድ ርዝመት 69 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የመጫወቻዋ መስኮት አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ የሚወጣው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ብረቱ አንቴናው አጠገብ ሲሆን አንቴናውን ራሱን ከተቃኘበት ሞገድ ያስወጣዋል። አንቴናው ቦርዱ ላይ የታተመች ቀጭን የመዳብ መስመር ናት፤ ሪሞት ከፍታችሁ የትም ሳትደርስ በጠርዙ ዙሪያ የምትዞር መስመር ካያችሁ እሷ ናት፤ አትንኳት፣ ብረትም አታስጠጉባት።

ብረቱን እንድተወው ያደረገኝ ሁለተኛው ነገር ክብደቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው በማስነሻ ማብሪያቸው ጉድለት ነበር። በጉዞ ላይ ሳሉ ማብሪያው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል፤ የአየር ከረጢቱም አይፈነዳም። ኩባንያው የካሳ ክፍያ ያጸደቀላቸው ሟቾች 124 ናቸው። እስኪጠገን ድረስ ለባለቤቶቹ የተነገራቸው ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠለውን ሁሉ አውልቁ የሚል ነበር። ጥፋቱ የማብሪያው እንጂ የቁልፍ መያዣው አልነበረም፤ ቢሆንም ያን ካነበብኩ በኋላ ከጉልበቴ በላይ እየተወዛወዘ ማስነሻውን የሚጎትት የብረት መኪና ማንጠልጠል አላሰኘኝም። በእኛ ኮረኮንች መንገድ ደግሞ ውዝዋዜው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ፕላስቲክ። መርካቶ ውስጥ ወደ ኋላ ስበው ሲለቋት የምትፈተለክ ርካሽ ቮልስ አለች። ከውድ መጫወቻዎች የምትሻልበት አንድ ነገር አላት፦ የእስፕሪንጉ የማርሽ ሳጥን ሲወጣላት ሆዷ ባዶ ይሆናል። ባዶነቱም ቦርዱ በሚፈልገው ቦታ ላይ ነው። ስትገዙ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። እውነተኛዋ ቮልስ ርዝመቷ 4 ሜትር ከጥቂት፣ ስፋቷ 1.54 ሜትር ነው፤ 64 ጊዜ ያነሰች መጫወቻ ግን ርዝመቷ 6.4፣ ስፋቷ 2.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሪሞቱ ባትሪ ሲአር2016 ናት፤ ቁጥሯ ራሱ መጠኗን ይናገራል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ከግራና ከቀኝ ለግድግዳው የሚተርፈው ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ይበቃል፣ ግን በግድ። ትንሽ ሰፋ ያለችውን መረጥኩ፤ ከ8 ሳንቲ ሜትር የምትረዝመውን ግን ኪስ አይወዳትም።

ጥርሱን በተመለከተ የራሴን ነባር ቁልፍ አልነካሁም። ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄጄ አዲስ ጥርስ አስቀረጽኩና ሪሞት በሌለው ትንሽ የፕላስቲክ ራስ ላይ አስገጠምኩት፤ ቺፗም እዚያው ራስ ውስጥ ገባች። አዲስ የተቀረጸ ቁልፍ መጀመሪያ የሚሞከረው በር ላይ ነው። በሩ ላይ እየተንገራገጨ የሚዞር ቁልፍ ማስነሻው ውስጥ ሊቀረቀር ይችላልና እዚያው ሞርዶ ማስተካከል ይሻላል። ከዚያ ቺፗን በፎይል ጠቅልዬ ለማስነሳት ሞከርኩ፤ ሞተሩ ተሽከረከረ እንጂ አልተነሳም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራትም አልጠፋችም። ፎይሉን ስገፈው ወዲያው ተነሳ። ይህ ሙከራ ቺፗ ራሱ ውስጥ በትክክል መቀመጧን ከማንም በላይ ይነግራል።

ዋናው የእጅ ሥራ መጫኛዎቹ ናቸው። ቦርዱን ፊቱን ወደ ታች ደፍቼ መጫኛዎቹን የመጫወቻዋ ሆድ ላይ አደረግኳቸው። መኪና ጎማ አላት፤ ጎማዎቹ ሆዷን ከመሬት ያነሷታል፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ ሳንቲም ወይም ስልክ ቢገፋት የሚነካው ጎማዎቹን ነው፣ መጫኛዎቹ አይነኩም። ከፊት ኮፈን ሥር መዝጊያው፣ ከኋላ መክፈቻው። ሞተሯ ከኋላ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ አቀማመጥ አይጠፋውም። በትራፓኖ ሁለት ቀዳዳ ከበሳሁ በኋላ ጣትና ማብሪያውን የምታገናኝ ዘንግ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የእስክሪፕቶ ቀለም የሚይዘውን ቀጭን ቱቦ አጥቤ ቆረጥኩት። የሚያደክመው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው በፀጉር ያህል ከረዘመ መጫኛው ተጭኖ ይቀራል፤ ባትሪውም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ካጠረ ደግሞ ጣት ይጫናል እንጂ ምንም አይሰማም። በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለቴ እየፈተጉ ጆሮን አስጠግቶ ጠቅ የምትለዋን ድምፅ ማዳመጥ ነው። ሲሞክሩ ግን መኪናው አጠገብ ይሁን። ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር ኮዱን ይቀይራል፤ መኪናው በማይሰማበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከተጫነ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሱፐር ግሉን ከዚህ ሥራ አርቁት። ሲደርቅ የሚወጣው ጭስ የመስታወቱን ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ ፈሳሹ ደግሞ በቀጭን ስንጥቅ ተስቦ ማብሪያው ውስጥ ከገባ ጠቅታዋ እስከወዲያኛው ትጠፋለች። ቦርዱን ያስቀመጥኩት ሁለት ፊት በሚያጣብቅ ስፖንጅ ነው። ኢፖክሲ የተጠቀምኩት የቀለበቱን መያዣ ለማጠናከር ብቻ ነው፤ እሱም መያዣው ግድግዳውን በስቶ ከውስጥ እንዲነከስ አድርጌ እንጂ ላዩ ላይ ለጥፌ አይደለም። የሆዷን ክዳን በሁለት ትንንሽ የአሮጌ ሞባይል ብሎኖች አሰርኩት፤ ባትሪ መቀየር የማይቀር ነው፣ በሙጫ የተዘጋ ሪሞት ደግሞ በመዶሻ ነው የሚከፈተው።

ጎማዎቹ አይዞሩም። የጎማዎቹ ዘንግ የሚያልፈው በባትሪው መቀመጫ ላይ ስለሆነ ቆርጬ ጫፍ ጫፉን ለየብቻ አጣበቅኩት። የእህቴ ልጅ በዚህ በጣም አዝኗል፤ የማይነዳ መኪና ምን ይሠራል ባይ ነው። ለማካካሻ ቦርዱ ላይ ካለችው ቀይ መብራት አንስቼ እስከ ግራው የፊት መብራት ድረስ ወፈር ያለ ጥርት ያለ ናይለን ዘረጋሁ። ስጫናት የቮልሷ አንድ ዓይን ብልጭ ትላለች። ምንም ጥቅም የለውም፣ ግን ከሥራው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ቮልሷና ጥርሱ የተያያዙት ጠቅ ብሎ በሚላቀቅ ማያያዣ ነው። ስነዳ ቮልሷ ከማርሹ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ማስነሻው ላይ የሚቀረው ቀላሉ ቁልፍ ብቻ ነው። ላቫጆ ስሄድም ለልጆቹ የምሰጠው እሱን ነው። አንድ ቀን ሆን ብዬ ለአንደኛው ልጅ ቮልሷን ብቻ ዘረጋሁለት። አገላብጦ አያትና፣ "ጋሼ፣ ይቺን ነው እንዴ የማጥባት?" አለኝ።

ማስነሻው በቁልፍ ሳይሆን በመጫን የሆነ መኪና ያላቸው ጓደኞቼ ለእኛም ሥራልን ይላሉ። የእነሱ ይለያል፤ መኪናው በዝቅተኛ ሞገድ ይጣራል፣ ቁልፉ በከፍተኛ ሞገድ ይመልሳል፣ ሁለቱም አንቴናዎች ያሉት እዚያው ቦርድ ላይ ነው። ስለዚህ ቺፑን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ቦርዱ ከነሙሉ አካሉ ፕላስቲክ ውስጥ መግባት አለበት፤ ባትሪ ሲሞት በር የሚከፍተው የተደበቀ ጥርስም ቦታ ይፈልጋል። አንደኛው ላንድክሩዘር ካልሆነ ብሏል። ማዕዘናማ ስለሆነች ውስጧ ሰፊ ነው፤ ችግሩ እስካሁን ያገኘኋቸው በኪስ ልክ የተሠሩት ሁሉ የብረት መሆናቸው ነው።