ብርቅ ነው የተባለው ጠገራ

በወሎ ብር ሲወረስ ከሰደቃው ወይም ከተዝካሩ በኋላ ጉዞው ወደ አንጥረኛ ሚዛን ነው። ደሴ በምሠራበት ወርቅ ቤት ድሪው፣ አልቦው፣ በሰንሰለት የተያያዘው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ በመሃረብ ተቋጥሮ ይመጣል። እኛም መዝነንና ፈትነን ለወራሾቹ ያየነውን እንነግራለን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የአንድ እኅትና ወንድም ጉዳይ እስካሁን ከልቤ አልወጣም፤ በአንዲት ጠገራ ላይ የተነገረ ቃል ሰውየውን ከአባቱ ቤት ሊነቅለው ነበርና።

የመጡት ከኮምቦልቻ ነው። አባታቸው ሲያርፉ አንድ ቤትና ይህችን ጠገራ ትተዋል። አንድ ደላላ ፎቶግራፏን በስልክ አይቶ “ይህ ፕሩፍ ነው፣ 1780 ይላል፣ ብርቅ ነው፤ ውጭ አገር ገዢ አለኝ” አላቸው። ፕሩፍ የሚባለው ለሰብሳቢ በልዩ ጥንቃቄ የተመታ ሳንቲም ነው። ወንድምየው ቃሉን አምኖ ቤቱን ለእኅቱ ሊለቅ፣ እሱ ጠገራዋን ብቻ ሊወስድ ተስማምቷል። እጁን ይዛ ወደ እኛ ያመጣችው እኅቱ ናት።

“ጋሽዬ፣ ይህ ነገር ቤቱን የሚያክል ከሆነ ይውሰደው፤ አልቀናበትም” አለችኝ። “ካላከለ ግን የወንድሜን ድርሻ በሐራም አልበላም።”

“አብሽሪ እኅቴ፣ እናየዋለን” አልኳት። ዝም ብትል ቤቱ የእሷ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ሲቆም ሥራን በጥንቃቄ መሥራት ግዴታ ይሆናል።

ረዳቴ እንደ ልማዱ የመወልወያውን ጨርቅ አነሣ፤ እጁን ያዝኩት። ለጌጥ የመጣ ብር ይወለወላል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ሳንቲም ግን በጨርቅም፣ በሎሚም፣ በአመድም አይነካም። ፕሩፍ ከሆነ እንደ መስታወት የጠራው ገጹ በአንድ ውልወላ ይጫጫራል፤ የተጫጫረውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ጠገራዋን በጠርዟ ይዤ ንጹሕ ወረቀት ላይ አኖርኳት።

መጀመሪያ ሚዛን። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28.07 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ክብደቷ ልክ ነበር። ቀጥሎ ጠርዟን ዞርኩት። “ፍትሕና ምሕረት” የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲም ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው መጋጠሚያ መስመር የለም። ስለዚህ ብሩ ብር፣ ምቱም ምት ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ብዙ ሰው የሚያበራ ሳንቲም ሁሉ ፕሩፍ ይመስለዋል። ፕሩፍ የአሠራር ዓይነት እንጂ የንጽሕና ደረጃ አይደለም። ማተሚያው ብረትም ሆነ የሚታተመው ብር አስቀድመው ተወልውለው ይለሰልሳሉ፤ ከዚያ ሳንቲሙ በቀስታና በኃይል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። ፕሩፍ ሆኖ የተመታ ሳንቲም ከእጅ እጅ ዞሮ ቢያረጅም ፕሩፍ ነው፤ ለገበያ የተመታው ደግሞ ዓመት ሙሉ ቢወለወል ፕሩፍ አይሆንም።

ሁለቱን የምለየው በመብራትና በማጉያ መነጽር ነው። ሳንቲሙን ከመብራቱ ሥር ቀስ ብዬ ሳዞር ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። የውልወላ ጭረት ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ከባዶው ገጽ ተነሥቶ በፊደሉም በምስሉም ላይ ይሄዳል፤ ከፍ ያለውም ቦታ ልሞ ይደበዝዛል። ማተሚያው ብረት ሲለሰልስ የቀረበት ጭረት ግን ሳንቲሙ ላይ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል፤ ፊደሉ ሥር ሲደርስም ይቆማል። ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። የጠገራዋ መስመሮች ፊደሉ ሥር ይቆሙ ነበር። ባዶው ገጽ ፊቴን ያሳያል፤ የንግሥቲቱ ምስል ደግሞ ውርጭ እንደወረደበት እኩል ነጥቷል፤ የፀጉሯ ዘለላ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

“ፕሩፍ ናት” አልኳቸው። የወንድምየው ፊት በራ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ጠገራዋ በምሥራቅ አፍሪካና በዐረብ ገበያ እጅግ ስለተወደደች ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ መመታቷን ቀጠለች። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ማተሚያውን አግኝታ ሮም ላይ መታች፤ ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም መቱ። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። ቪየና ያለው የኦስትሪያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ ይመታታል፤ ለስጦታና ለሰብሳቢዎችም በፕሩፍ አሠራር አዘጋጅቶ ይሸጣል። አያቶቻችን ባቲ ገበያ ሲቀባበሏት የኖሩት ጠገራ ደግሞ በከረጢት ታጭቃ፣ በግመል ተጭና፣ እርስ በርሷ እየተፋጨች የመጣች ናት። ውርጭ የመሰለ ምስልና መስታወት የመሰለ ገጽ ይዛ ልትደርስ አትችልም።

ስለዚህ መነጽሩን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው፦ “አባታችሁ ይህችን በምን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጧት?”

እኅትየው ቶሎ አስታወሰች። ክብ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማቀፊያ ነበራት፤ የውጭ አገር ጽሑፍ ያለበት ወረቀትም አብሯት ነበር፤ ልጆች ሲጫወቱበት ጠፋ። አውሮፓ የሚኖር ዘመድ ያመጣላቸው ስጦታ መሆኑንም ሰምታለች። ለእኔ ይህ መልስ መነጽሩ ያሳየኝን ሁሉ አንድ ላይ አሰረው። ጠገራዋ በዕድሜ ከአባታቸው የምትበልጥ አይመስለኝም አልኳቸው።

ወንድምየው ዝም ብሎ ቆየና “ታዲያ ፕሩፍ ናት አላልክም?” አለኝ።

“ናት። ብርቅ ግን አይደለችም። ፕሩፍ መሆኗ እንዴት እንደተመታች ይናገራል፤ ብርቅነት ስንቷ እንዳለችና ስንት ሰው እንደሚፈልጋት ነው። ይህችን የሚፈልግ ሰው ዛሬም ከቪየና ያስመጣል። በውስጧ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ፤ ሰብሳቢ ከዚያ በላይ ጥቂት ይጨምርባት ይሆናል። ቤት ግን አታክልም።”

በደረሰኛችን ጀርባ ክብደቷን፣ የጠርዟን ሁኔታ፣ “በኋላ ዘመን የተመታ፣ ፕሩፍ፣ ብርቅ ያልሆነ” ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እንዲህ ያለውን ነገር በቃል ብቻ መስጠት አልወድም፤ ቤተሰብ ሲካፈል ቃል ይለዋወጣል። ደላላው ውጭ አገር ገዢ አለኝ ስላለም አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ከአያቶቻቸው የመጣ አሮጌ ብር ካላቸው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣምና ለማንም በድብቅ እንዳይሰጡ።

እዚያው ቆመው እያለ ደላላው ደወለ። ወንድምየው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ብርቅ ያሰኛት ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ 1780 ማለቷን ደገመልኝ። ክብደቷን ጠየቅኩት፤ አያውቅም። ጠርዟ ላይ ምን እንደተጻፈም አላየም። ስልኩን ስመልስለት ወንድምየው ቤቱን እኩል እንደሚካፈሉ ለእኅቱ እየነገራት ነበር።