የእማማ «እሺ»

ሥራዬ የሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን ያቋቋመው የጤና ኢንሹራንስ፣ ኤጀንትነት ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው አምጥተዋቸው እዚሁ ያረጁ እናቶችና አባቶች። ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ስልኬ አያርፍም። ዓመታዊው የፕላን መቀየሪያ ጊዜ ያ ነው።

ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ስለ ፕላን ከማውራቴ በፊት አንድ ፎርም መፈረም አለበት። «ስኮፕ ኦፍ አፖይንትመንት» ይሉታል። እኔ ለእናቶች «ስለ ምን እንደምናወራ የሚወስን ወረቀት» እላቸዋለሁ። ስለ ምን መስማት እንደሚፈልጉ ሣጥኖቹ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፦ ፓርት ሲ (ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ፕላን)፣ የመድኃኒቱ ፓርት ዲ፣ ሜዲጋፕ (ሜዲኬር ሳይከፍል የሚተወውን የሚሸፍነው)፣ ጥርስና ዓይን። ምልክት ያልተደረገበትን አላነሳም። በ2023 መኸር ላይ ደግሞ በፊርማውና በቀጠሮው መካከል 48 ሰዓት ይቆይ የሚል ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ሳይቀጠር ራሱ ቢሮ ድረስ ለመጣ ሰውና የመቀየሪያው ጊዜ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ግን አይጠየቅም ነበር።

ዱሮ በወረቀት ነበር። አሁን ሊንኩን በቴክስት ወይም በኢሜይል እልካለሁ። ሰው ስልኩ ላይ በጣቱ ይፈርማል፣ ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ ይመለስልኛል። ለ10 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ያቀለለልኝ። ግን መቅለሉ ራሱ የሚያስጨንቀኝ ጊዜ አለ። በ2024 ኦክቶበር የሆነውን ላውጋችሁ።

አንዲት ልጅ ሐሙስ ቀን ደወለችልኝ። እናቷ የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው። የዛሬ ዓመት አንድ ኤጀንት በስልክ አናግሯቸው ፕላናቸው ተቀይሯል። አዲሱ ፕላን የሚያውቃቸውን የኩላሊት ሐኪም አይቀበልም። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ከተማ ሲመላለሱ ከረሙ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንዴ መቀየር ይችሉ ነበር፤ ማንም አልነገራቸውም።

ስልኩን ለእናቷ አቀበለችልኝ። «እማማ፣ ያኔ ሰውየው ምን አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። በአስተርጓሚ ነው ያወራኝ። ትሕትናው ደስ ይላል። እሱ ሲናገር እኔ እሺ፣ እሺ እላለሁ።»

እዚች ላይ ልቤ ተነካ። የኛን «እሺ» ታውቁታላችሁ። እሺ ማለት እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። እሺ ማለት እንግዳ አላስቀይምም ማለት ነው። አንዳንዴም ቶሎ ጨርስና ልረፍ ማለት ነው። አስተርጓሚው «የስ» እያለ ካሳለፈው ግን እማማ ያልፈቀዱትን ፈቀዱ።

ሊንኩን ለልጅቷ ኢሜይል ላክሁ፤ እማማ ኢሜይል የላቸውም። «ከሳቸው ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ እያነበብሽላቸው» አልኳት። እማማም ሊሰነባበቱኝ ሲሉ «ቅዳሜ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የምውለው፤ በሱ ቀን እንዳትደውይ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጥቅምት 16 ጠዋት 9፡40 ላይ ስልኬ ጢን አለ። ፎርሙ ተፈርሞ መጥቷል። ሣጥኖቹ በሙሉ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ፊርማው ቀጥ ያለ፣ ፈጣን፣ በእንግሊዝኛ። እማማ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ናቸው።

ለልጅቷ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፣ እረፍት ወጥታ ነው የፈረመችው። «እንዴ፣ እናቴ እኮ ናት! ሁሉን ነገር የምፈርምላት እኔ ነኝ» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። የልጅነት ግዴታዋን የተወጣች ነው የመሰላት። ሁለት ሥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ግን ፎርሙ ላይ ለተወካይ የተለየ ቦታ አለው፤ እዚያ የሚፈርመው በሕግ ውክልና ያለው ነው። እሷ ውክልና የላትም። እናቷም አእምሯቸው ከኔ የበለጠ ንቁ ነው። «ይሄን ፎርም አልጠቀምበትም፣ እንደ አዲስ እንጀምር» አልኳት። «48 ሰዓቱስ?» «እንደ አዲስ ይቆጠራላ።» ዝም አለች። ከፍቷት ነበር።

እሑድ ማታ ሁለቱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በስልክ፣ ታብሌቱ እማማ ጭን ላይ። ስልኩ እንደሚቀረጽ ነገርኳቸው። ጸጥ አሉ። በደርግ ጊዜ ያለፉ ሰው ናቸው፤ ድምፅ ይቀረጻል ሲባል ምን እንደሚታያቸው ይገባኛል። «የሚቀረጸው እኔ የምናገረውን ለመያዝ ነው፤ ዋሽቼዎት ቢሆን የሚመሰክርልዎት እሱ ነው» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ይቀረጽ» አሉ።

ከዚያ እያንዳንዷን መስመር በአማርኛ አነበብኩላቸው። ይህን መፈረም ፕላን ውስጥ አያስገባዎትም። አሁን ያለዎትን ሽፋን አይነካም። የማነጋግርዎ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም። ፕላን ከወሰዱ እኔ ኮሚሽን ሊከፈለኝ ይችላል።

«ከኔ ነው የሚከፈልሽ?»

«አይደለም እማማ፣ ከኩባንያው ነው።»

«ጥሩ። ይሄን ያኛው አልነገረኝም።»

ፊርማው ጋ ስንደርስ እጃቸውን ሰበሰቡ። አገር ቤት ለአንድ ዘመድ ዋስ ሆነው ፈርመው ዕዳው እሳቸው ላይ መጥቶ ያውቃል። «ፊርማ የበላኝ ሰው ነኝ» አሉ። በዚህ ፊርማ ዕዳ የለም፣ ዋስትናም የለም ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። ልጅቷም ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ስለ መድኃኒቱና ስለ ፓርት ሲ ሣጥን ራሳቸው ነኩ። የቀሩትን «አልፈልግም» አሉ። ከዚያ በሌባ ጣታቸው መስተዋቱ ላይ ጻፉ። በአማርኛ፣ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል፣ እግሯ ትንሽ የተንጋደደ። ጣታቸው ደርቆ ስክሪኑ አንዴ እምቢ ብሏቸው ነበር፤ ልጅቷ እጃቸውን በፎጣ እርጥብ አድርጋላቸው እንደገና ጻፉ። ያቺን ፊደል ስክሪኔ ላይ ሳያት ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

48 ሰዓቱ ብዙ ሰው ያማርር ነበር። «ዛሬ ጨርሽልኝ» የሚለኝ ቤተሰብ ብዙ ነበር። እማማ ግን በነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ የመድኃኒት ጠርሙሶቻቸውን በሙሉ በፌስታል ሰበሰቡ። የሐኪማቸውን ካርድ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አወጡ። ረቡዕ ስደርስ ቡናው ቀርቧል፣ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነበብን። በ2025 በፓርት ዲ ሽፋን ውስጥ ላሉ መድኃኒቶች ከኪስ የሚወጣው በዓመቱ ከ2,000 ዶላር እንደማይበልጥ ነገርኳቸው፤ ልጅቷ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ሐኪማቸውን የሚቀበሉ ሁለት ፕላኖች አገኘን። መሐል ላይ እማማ «ጥርሴስ?» አሉ። የጥርስ ሣጥን ላይ ምልክት አላደረጉም ነበር። ንግግሩን አቁሜ ሌላ ፎርም ከፈትኩ። በዚህኛው ማንም ሳይነግራቸው ጣታቸውን በፎጣው ጫፍ አረጠቡ።

ሁለቱንም ፕላን አስረድቼ ስጨርስ አየኋቸው። እሺ ይላሉ ብዬ ነበር። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ላስብበት» አሉኝ። «ሐኪሜንም ልጠይቀው። ሰኞ ደውይልኝ።»