4294967297ን በእጄ አካፈልኩት

ዛሬ ስልኬን ዘግቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩና 4294967297ን ለ641 አካፈልኩት። ቁጥሩ 2ን 32 ጊዜ ደርድራችሁ አባዝታችሁ 1 ስትደምሩበት የሚመጣው ነው። የሂሳብ ሊቁ ፈርማ በዚሁ መንገድ 2ን 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ጊዜ ደርድራችሁ አባዝታችሁ 1 ስትደምሩ የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር) ስለሆኑ ይሄም ፕራይም ነው፣ ከሱ በኋላ ያሉትም እንደዛው ብሎ አምኖ ነበር፣ አምስቱ ተከታትለው ሲመጡ ደግሞ ማን ይጠራጠራል?

ከዛ እ.ኤ.አ. በ1732 ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር 641 ያለምንም ቀሪ ያካፍለዋል ብሎ መጣ። በኋላ እሱ ራሱ ያረጋገጠው ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ፣ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ የግድ ለ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው መሆን አለበት፣ ስለዚህ የምትሞክሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እያላችሁ ነው፣ አምስተኛው ላይ 641! በቃ አምስት ሙከራ!!

ሳካፍል መጀመሪያ 6 ወጣ ቀሪው 448፣ ቀጥሎ 7 ወጣና ቀሪው 2 ብቻ ሆነ፣ ስለዚህ ሁለት ዜሮ ተከታትሎ መጣ፣ ከዛ 4፣ ከዛ 1፣ ቀሪው እንደገና 448 (ያው የመጀመሪያው!)፣ የመጨረሻዋን 7 ሳወርዳት 4487 ሆነ፣ 641 በ7 ሲባዛ ደግሞ ልክ 4487። ቀሪ ዜሮ። መልሱ 6700417። ልቤ ስትመታ ይሰማኝ ነበር የምሬን ነው።

ከ65537 በኋላ እስካሁን አንድም ሌላ የፈርማ ፕራይም አልተገኘም፣ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ነገ 6700417 ራሱ ፕራይም መሆኑን በእጄ አረጋግጣለሁ፣ የሱም አካፋይ ካለ ለ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ስለሆነ እስከ 2588 ያሉትን ብቻ ነው የምሞክረው።