የቤት ውስጥ ዴይኬሬን ለጥራት እውቅና ያበቃሁበት መንገድ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቴ ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ስከፍት፣ ከስቴቱ ያገኘሁትን ፈቃድ የጥራት ማረጋገጫ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ለፈቃዱ ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ አስገጥሜያለሁ፤ መድኃኒትና የጽዳት ኬሚካል ቆልፌያለሁ፤ በአንድ ጊዜ ከ8 ልጆች በላይ እንዳልይዝ የሚያዘውንም ደንብ አክብሬያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ሊጠየቅ እንደሚችል የተረዳሁት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቤተሰብ ሕፃናት እንክብካቤ ማኅበር የሚሰጠውን እውቅና ለማግኘት ወስኜ መስፈርቱን ማንበብ ስጀምር ነው። መስፈርቱ ስለ ደኅንነትና ጤና፣ ስለ ቤቱ አደረጃጀት፣ ስለ ሙያና የንግድ አሠራር ብቻ ሳይሆን፣ ከልጆቹ ጋር ስላለኝ ግንኙነትና ከእኔ ጋር ሲውሉ ምን እንደሚማሩም ይጠይቃል። ከማኅበሩ የምትላክ ታዛቢ መጥታ ሥራዬን ከማየቷ በፊት ደግሞ ራሴን እንድገመግም ያስገድደኛል፤ እኔን የለወጠኝም ይኸው ግምገማ ነው።

አብዝቶ ያስጨነቀኝ የምሳ ሰዓት ነው። በእኛ ዘንድ ልጅን ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እኔም ከእናቴ የወረስሁት ልማድ ስለሆነ፣ ወላጆች «ልጄን አጥግበሽ ታውይልኛለሽ» እያሉ ሲመርቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለአንድ ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን ሁሉ በደብተር ስመዘግብ ግን፣ አንድ ዓመት ከ8 ወር የሆነው ልጅ በአንድ ምሳ 3 ጊዜ እጁን ወደ ማንኪያው እንደሰደደ፣ እኔም 3ቱንም ጊዜ እጁን ገለል አድርጌ እንዳጎረስሁት ከገዛ ጽሑፌ አነበብሁ። በወቅቱ ልብ አላልሁትም ነበር። በማግስቱ አጭር እጀታ ያለው ማንኪያ ሰጠሁት፤ ከወንበሩም ሥር ላስቲክ አነጠፍሁ። ለ2 ሳምንት ያህል ከሽሮው አብዛኛው ልብሱ ላይ ቀረ፤ ምሳውም ስለረዘመ የእንቅልፍ ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት ማዘግየት ግድ ሆነብኝ። ጉርሻውን ግን ፈጽሜ አልተውሁትም፤ ልጁ በራሱ እጅ በልቶ ከጨረሰ በኋላ አንዲት የፍቅር ጉርሻ ትቆየዋለች።

ዳይፐር አቀያየሬንም እንዲሁ ማረም ነበረብኝ። የራሴን እጅ እታጠብ ነበር፤ የልጁን እጅ ግን አላጥብም ነበር። የመቀየሪያውን ፍራሽ የምረጭበትን የተሕዋስያን መግደያም ወዲያው እጠርገው ነበር፤ ፈሳሹ ግን ሥራውን የሚሠራው በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ጊዜ ሳይደርቅ ሲቆይ ነው።

በአንድ ነገር ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት ፈርቼ ነበር። ታዛቢዋ ነጥብ ትቀንስብኛለች ብዬ ከልጆቹ ጋር አማርኛ መናገር ልተው አስቤ ነበር፤ መስፈርቱን ደግሜ ሳነብ ግን የልጁ የቤት ቋንቋ እንዲከበርና እንዲደገፍ የሚጠይቅ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ «እሹሩሩ»ን ለማስተኛት፣ የአማርኛ ተረቱን ለጠዋት ጊዜ መደብሁ፤ በመጫወቻዎቹ መደርደሪያ ላይም ሥዕል ከነስሙ በሁለቱም ቋንቋ ለጠፍሁ።

በሙያው የቀደሙኝ አንዲት እናት «ልጄ፣ ለታዛቢዋ ብለሽ ምንም አታሳምሪ፤ ልጆቹ ያጋልጡሻል» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ልጆቹ ያልለመዱትን ነገር በዚያ ቀን ብቻ ብጀምረው ኖሮ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ነበር። ለዚህ ሥራ ለምትነሱ እህቶቼ የምመክረው፣ የሥልጠና የምስክር ወረቀቶቻችሁን፣ የወላጆችን ውልና የልጆችን የአደጋ ጊዜ ቅጽ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ቀን እየጻፋችሁ በአንድ አቃፊ እንድታኖሩ ነው። እኔ ይህን ባለማድረጌ የጠፋ ወረቀት ስፈልግ ብዙ ምሽቶች አባክኛለሁ።

እውቅናው የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ሲሆን፣ በየዓመቱም መረጃ መታደስ አለበት። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ በደረሰኝ ሳምንት ለእድሳቱ አዲስ አቃፊ ከፍቼ፣ የዚያን ወር የምሳ ሰዓት ማስታወሻዎች አስገባሁበት።