ካውያና ሮሲኒ
ዛሬ እሑድ አይደል፤ የሳምንቱን ልብስ ልተኩስ ተነሳሁ። ዝም ብሎ ካውያ መግፋት ስለሚደብረኝ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ የጣልያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሮሲኒን ኮሚክ ኦፔራ (በዘፈን የሚተወን አስቂኝ ድራማ)፣ «የሴቪልያው ፀጉር አስተካካይ»ን ከፈትኩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የዳይሬክተር ፖኔል ፊልም ነው። ኦርኬስትራው የሚላኑ ኦፔራ ቤት የላ ስካላ፣ መሪው ክላውዲዮ አባዶ።

ኮሚክ ኦፔራ ሲባል እኔ የለመድኩት ዘፋኞቹ ለማሳቅ ሲንፈራገጡ ማየት ነው። አባዶ ይሄን አይወድም መሰለኝ። ሙዚቃውን ቀለል፣ ጥርት አድርጎ ያስኬደዋል። በየዘመኑ የተለጠፈበትን ጭማሪ ትቶ፣ አልቤርቶ ዜዳ ከሮሲኒ የእጅ ጽሑፍ ጋር አመሳክሮ ያዘጋጀውን ኖታ ነው የተጠቀመው። ቀልዱ ከዚያው ከኖታው ይወጣል።

የሙዚቃ አስተማሪው ገጸ ባሕርይ ዶን ባሲሊዮ ስለ ስም ማጥፋት የሚዘፍነው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሐሜት መጀመሪያ ሽው የምትል ነፋስ ናት ይላል። ቫዮሊኖቹ ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹኩ ይመስላሉ። ሌላ መሪ ቢሆን ቶሎ ያስጮኻቸው ነበር። አባዶ ግን ይይዛቸዋል፣ ይይዛቸዋል... ሳይቸኩል ድምፁን በትንሽ በትንሹ ያሳድገዋል። በመጨረሻ ሐሜቷ እንደ መድፍ ስትፈነዳ ብቻዬን ሳቅሁ። የሰፈራችን ወሬ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት «አሉ» ተብሎ ማታ «በዓይኔ አየሁ» የሚሆነው።

ይሄ ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1816 ሮም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት ነበር የተቀበለው። ምን ነክቷቸው ይሆን?

ለማንኛውም፣ ነጩ ሸሚዜ ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞበታል። ነገ ቢሮ ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምውለው።