ወለድ የሌለው ላፕቶፕ

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ደሞዝ አዘጋጃለሁ። አምና መስከረም ላይ አንድ ዕቃ ሻጭ ግቢያችን መጣ። ስልክ፣ ፍሪጅ፣ ላፕቶፕ በዱቤ ይሰጣል። ክፍያው በ12 ወር፣ ከደሞዝ እየተቆረጠ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ወለድ 0» ተጽፏል።

የፈትል ክፍል ኃላፊዋ ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስለሆነ ላፕቶፕ ያስፈልጋታል።

«ልጄ፣ አንተ ሂሳብ ታውቃለህ። ልፈርም?»

እኔ ያየሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ወለዱ ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ በወር የሚቆረጠው 3,700 ብር ከደሞዛቸው አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከዚያ በላይ መቁረጥ ይከለክላል። «ምንም ችግር የለውም፣ እትዬ፤ ይፈርሙ» አልኳቸው። እኔን አምነው ፈረሙ።

በሦስተኛው ወር የፋብሪካው ደሞዝ ስምንት ቀን ዘገየ። የኅዳር ውርጭ ገና ሳይለቅ፣ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጡ። በቀሪው 37,000 ብር ላይ 2 በመቶ ቅጣት፣ 740 ብር። ውሉን ገልብጬ ሳየው ቅጣቱ ከጀርባው በደቃቁ ተጽፏል። እኔ ጀርባውን አላነበብኩም ነበር።

አጠገቤ የሚሠራው የሸዋ ሮቢት ልጅ ውሉን ተቀብሎኝ አየው። «በሙራባሃ፣ ማለትም በእስልምናው ወለድ አልባ የዱቤ ሽያጭ፣ እኮ ዕቃው የተገዛበት ዋጋና ትርፉ ለየብቻ ይነገርሃል። ዘገየህ ተብሎም ሻጩ ትርፍ አይጨምርብህም። እዚህ ላይ የእጅ በእጅ ዋጋው የት አለ?»

የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከተማ ወርጄ ሱቆቹን ጠየቅሁ። ያው ላፕቶፕ በእጅ በእጅ 38,000 ብር ነው። የእሳቸው 12 ክፍያ ሲደመር 44,400 ይመጣል። ልዩነቱ 6,400 ብር። መጀመሪያ 17 በመቶ ገደማ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን 38,000ው ዓመቱን ሙሉ እጃቸው ላይ አይቆይም፤ በየወሩ እየመለሱ ነው። በአማካይ የያዙት ዕዳ የዚያን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። እንደ ባንክ ብድር ሲሰላ በዓመት ወደ 30 በመቶ ይጠጋል።

የባሰ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የሠራተኛው ቁጠባና ብድር ማኅበራችን በ13 በመቶ ያበድራል፤ ወለዱም የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። ያንኑ ገንዘብ ከማኅበሩ ቢወስዱ ኖሮ የዓመቱ ወለድ 2,700 ብር ገደማ ነበር። ወለድ ያለው ብድር ወለድ ከሌለው ከግማሽ በታች ያስወጣቸው ነበር።

ማታ አሜሪካ ላለችው እህቴ ደውዬ ነገርኳት። እዚያም ክሬዲት ካርድ «ለ15 ወር 0 በመቶ» እየተባለ ይመጣል። የድሮ ዕዳ ወደ አዲሱ ካርድ ሲዞር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይከፈልበታል። ጊዜው ሲያልቅ በቀረው ላይ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ይጀምራል። አንዳንድ የሱቅ ካርድማ ትንሽ ዶላር እንኳ ከቀረ፣ ወለዱን ከግዢው ቀን ጀምሮ ያስባል። እሷ ግን በደንብ ተጠቅማበታለች። ዕዳዋን ለ15 አካፍላ፣ ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጋ፣ በጊዜው ጨርሳለች። እንዲህ ለሚይዘው ሰው ቅናሹ እውነተኛ ነው።

መዘግየቱ የፋብሪካው ስለነበር ደብዳቤ ጽፈን ቅጣቱ ተነሣላቸው። 6,400ው ግን ውል ነውና አልተነሣም። ስሌቱን አሳይቼ «ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩት። «ያኔ ብትነግረኝ ማኅበሩ ጋ እሄድ ነበር» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ በያጅ የፍሪጅ ወረቀት ይዞ መጣ። «ወለድ የለውም፤ ፈርምልኝ» አለኝ። መጀመሪያ የእጅ በእጅ ዋጋውን ጠይቀህ ና ብዬ መለስኩት። ከሰዓት በኋላ ተመለሰና መዳፉን ዘረጋልኝ። የሦስት ሱቅ ዋጋ በእስክሪብቶ ጽፎበታል።